የቤታችንን ሳንቃ የለበሰች መርከብ

ኦሪስ ቤተል ረጅሙን መጋዝ በትከሻው አጋድሞ ቁልቁለቱን ወደ ባሕሩ ሲወርድ ከኋላው የሚከተሉት ሰዎች ቃል አይተነፍሱም ነበር። መጥረቢያ የያዘ አለ፣ ዲጂኖ የያዘ አለ፣ ባዶ እጁን የመጣም አለ። መንገዱ መንገድነቱ ቀርቷል። በወደቀ የኮኮናት ግንድ ላይ ይረማመዳሉ፣ እንደ ወረቀት የተጠቀለለ ቆርቆሮ ያልፋሉ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አልጋ እሾህ ላይ ተሰቅሎ ሲያዩ አንገታቸውን ዞር ያደርጋሉ።

የሚሄዱት መርከብ ሊያፈርሱ ነው። የአንስ ላፔ መንደር ሰው መርከብ ሲሠራ እንጂ ሲያፈርስ ታይቶ አያውቅም። በካሪቢያን ባሕር ባለችው በካሪያኩ ደሴት ላይ ከዚህ የባሕር ዳር መንደር ያልወጣ ጥሩ መርከብ የለም ይባል ነበር፤ የመንደሩ ሰው እንደሚለው ከሆነማ በዓለምም የለም። ኦሪስ ራሱ ጢም ሳያበቅል ጀምሮ የኖረው በሳንቃና በሳንቃ መካከል ቃጫ እየጠቀጠቀ፣ በላዩ ቅጥራን እያፈሰሰ፣ የመርከብ ስንጥቅ በመድፈን ነው። ዛሬ ግን ልቡን አደንድኖ ወጥቷል። ሚስቱ አይቪና አራስ ናት። አራሷና ሕፃኗ የሚያድሩት ከተሰበረች መርከብ በተፈታ ሸራ ሥር ነው፤ ሸራው ደግሞ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሆዱን ቆዝሮ ይንጠለጠልና በመጨረሻ የያዘውን ሁሉ በላያቸው ይለቀዋል።

አውሎ ነፋሱ ጃኔት የሚባል ስም እንዳለው የሰሙት ካለፈ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955፣ በመስከረም ወር በአንዱ ምሽት ከምሥራቅ መጣ፤ እስኪነጋ ድረስ የደሴቱ ሰው በየቦዩና በየድንጋዩ ሥር ተለጥፎ አደረ። ኦሪስ ያን ሌሊት ነፍሰ ጡር ሚስቱንና አማቱን እማማ ዙልማን ከቤቱ ጀርባ ባለው የጎርፍ መውረጃ ውስጥ አስተኝቶ፣ በላያቸው የቤቱን በር ከድኖ፣ በበሩ ላይ እሱ በደረቱ ተኛበት። ጣሪያው ሲሄድ ሰምቷል። ግድግዳዎቹ አንድ በአንድ ሲሄዱም ሰምቷል። ሲነጋ ከቤቱ የቀረው ወለሉና ሰማያዊ ቀለም የተቀባ አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር። በሩም እላዩ ላይ የነበረው ኦሪስ ስለከበደው ነው እንጂ ይሄድ ነበር ብለው እማማ ዙልማ ኋላ ቀልደዋል። ቀልዱን ሲቀልዱ ግን እጁን ይዘው ነበር።

የመንደሩ መርከቦች በሙሉ ወይ ሰምጠዋል ወይ ተሰባብረዋል። ሮዛሊን የምትባለውን ማዕበሉ ተሸክሞ ዳገት ላይ፣ የፍየል በረት ውስጥ አስቀምጧታል። ሮዛሊንን በዚያ ምሽት ወደ ተጠለለ ቦታ ሊያደርሷት ሦስት ሰዎች ገብተውባት ነበር፤ ካፒቴኗ ሳይረስ ኤኖ ከነሁለት መርከበኞቹ አልተገኘም። ሳይረስ የመርከብ ሠሪው የጋሼ ኖርቪል ኤኖ አንድ ልጅ ነው። አሸዋው ላይ ተጀምራ የቆመችውን አዲሷን መርከብ አባትዬው ይሠሩ የነበረው ለእሱ ነበር።

ኦሪስና ሰዎቹ ሊያፈርሱ የሚወርዱት ያችን መርከብ ነው። ጎድኖቿ ሁሉ ቆመው፣ ሳንቃዋ እስከ ወገቧ ደርሶ ነበር። ጃኔት ከድጋፎቿ ላይ ገፍታ በጎኗ አስተኝታታለች፤ በአንድ በኩል ያለውን ሳንቃ ሰባብራለች፤ ለቀሪው ሥራ የተከመረውንም እንጨት ባሕሩ ወስዶታል። አከርካሪዋና ጎድኖቿ ግን አንዳቸውም አልተነቃነቁም። እሷ ላይ ከተረፈው ሳንቃና ወፍራም እንጨት የሦስት አራት ቤት ጣሪያ ይወጣል። ጋሼ ኖርቪል ትናንት ማታ በሰው በኩል ልከው፣ ነገ መጥታችሁ አፍርሱና ተካፈሉ ብለው ነበር። ሰው ሁሉ ቸርነታቸውን አመስግኗል። በዕጣ እንካፈላለን ተብሏል፤ ኦሪስ አራስ ስላለችው ያለ ዕጣ አንድ ድርሻ እንዲያገኝ ተስማምተውለታል።

ሲደርሱ ጋሼ ኖርቪል አሸዋው ላይ በተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀምጠው ነበር። ኦሪስ ያን ግዙፍ ሰውዬ እንዲህ አንሰው አይቷቸው አያውቅም። ጢማቸው አድጓል፣ እጆቻቸው ጭናቸው ላይ እንደ ዕቃ ተቀምጠዋል። ኦሪስ ባርኔጣውን አውልቆ ሰላም አላቸው። መርከቧን ሳያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጀምሩ» አሉ።

ኦሪስ የመጋዙን አንድ እጀታ ለጓደኛው ሰጥቶ በመርከቧ አፍንጫ በኩል ሲንበረከክ ክሌማንስ ከፍርስራሹ በኩል መጣች። የሳይረስ ሚስት ናት፤ ከዚያ ምሽት ወዲህ ሚስት ነበረች ማለት ይሻላል። ከንፋሱ በኋላ ሌሎች ሲያለቅሱ እሷ ከቤት ፍርስራሽ ወደ ቤት ፍርስራሽ እየዞረች የተጣመመ ሚስማር ስትለቅም ነበር የምትታየው፤ ሰዎች አእምሮዋ ተነክቷል ይሉ ነበር። አሁን ትልቅ ድስት በሁለት እጇ ይዛለች። ድስቱን መጋዙ ሊያርፍበት ካለው ቦታ አጠገብ አስቀመጠችው። እስከ አፉ ሚስማር ነው፤ አንድ በአንድ በድንጋይ ተቀጥቅጦ ተቃንቷል።

ምን እየሠራችሁ ነው ብላ ጠየቀች። ኦሪስ ጋሼ እንደፈቀዱ ነገራት።

«አባባ የፈቀዱት ለእናንተ አዝነው አይደለም» አለች፤ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ሊያዩዋት ስላልቻሉ ነው።»

ሽማግሌው ከበርሜሉ ላይ አልተነሡም፣ አልተቆጡምም። ክሌማንስ ወደ ሰዎቹ ዞራ አስር አለቃ ጊተንስ ያመጣውን መልእክት አስታወሰቻቸው። ፖሊሱ በቀደም መንገዱ ስለተዘጋ ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ ከሂልስቦሮ ከተማ መጥቶ ነበር። ጎረቤት ደሴት ትሪኒዳድ የሚኖሩ የካሪያኩ ልጆች፣ የነዳጅ ጉድጓድ ላይ የሚሠሩትም ወደብ ላይ የሚሸከሙትም፣ ከደመወዛቸው አዋጥተው የጣሪያ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና የበቆሎ ዘር ሰብስበዋል፤ ዕቃው እዚያው ፖርት ኦፍ ስፔን ወደብ ላይ በአንድ መጋዘን ተከምሮ ይጠብቃል፤ የመንግሥት መርከቦች ዱቄትና ድንኳን ለማመላለስ እንኳ አልበቁም፤ መርከብ ካላችሁ ኑና ውሰዱ የሚል ነበር መልእክቱ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሳቀ። መርከባችንን ከፈለጉ ዳገት ላይ ከፍየሎቹ ጋር ናት፣ ለአንዷ ፍየል ንገሩልን አሉ።

«መርከቧ ይቺውላችሁ» አለች ክሌማንስ። «ብታፈርሷት ሦስት አራት ቤት ይከደናል። ብትጨርሷት የመንደሩን ጣሪያ በሙሉ ይዛ ትመጣለች። ዘሩንም።»

በምን እንጨት ነው የምንጨርሳት ብሎ አንዱ ጠየቀ። የየቤታችንን ወለል ነቅለን ነው አለች። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ወለል የቀረላቸው ሰዎች የቀረላቸው እሱ ብቻ ነው። አልጋም ድስትም ባይኖር እዚያ ላይ ቆሞ ቤቴ ይህ ነው ይባላል።

ኦሪስ ደሙ ፈላ። አንድ ድርሻ ጣሪያ በእጁ ገብቶ ሊያመልጠው ነው። መጋዙን ሳይለቅ ተነሣና፣ ኋላ ዕድሜውን ሁሉ የተጸጸተበትን ነገር ተናገረ።

«አንቺ ምን አለብሽ፤ የምትከልይው ልጅ የለሽ።»

ክሌማንስ ወደ እሱ ዞረች።

«የለኝም» አለች። «ባልም የለኝም። ስለዚህ የቤቴን ወለል ነቅዬ ስሰጥ የማስፈቅደው ሰው የለም። ዛሬ አመጣዋለሁ።»

በዚህ ጊዜ ነው ጋሼ ኖርቪል አፋቸውን የከፈቱት። ምራታቸውን እንጂ ሌላ ሰው አላዩም።

«ለማን ነው የምንጨርሳት፣ ልጄ? ካፒቴኗ ባሕር ውስጥ ነው።»

«አባባ፣ ሳይረስ ቢመጣና እንዲህ ተጋዝታ ቢያያት ምን ይላል ብዬ አልጠይቅዎትም። ሳይረስ አይመጣም። የቀረነው እኛ ነን። እኛን ይዩን እንጂ።»

ሽማግሌው ተነሡ። አሸዋውን ከሱሪያቸው ላይ አራገፉና እሺም እምቢም ሳይሉ ወደ ዳገቱ ወጡ። ባለመርከቡ ሳይኖሩ መጋዝ ሊያሳርፍ የደፈረ አልተገኘም። ሰዎቹ አንድ በአንድ ተበተኑ። ኦሪስም መጋዙን ተሸክሞ፣ አንድም እንጨት ሳይዝ፣ ወደ ሸራው ተመለሰ።

የተናገረው ቃል ግን ከሱ ቀድሞ ደርሷል። አይቪና ሕፃኗን እያጠባች ፊቷን አዞረችበት። እማማ ዙልማ ከድንጋይ ምድጃው ላይ የበቆሎ ገንፎውን እያማሰሉ፣ ቀና ሳይሉ ተናገሩት።

«የዚህን ደሴት መርከብ ሁሉ ስንጥቅ ደፍነሃል። ያንተን አፍ ግን የሚደፍን ቅጥራን አልተገኘም።»

ኦሪስ ለልጁ ብሎ እንደተናገረ ሊያስረዳ ሞከረ። አሮጊቷ ሰሙትና፣ ገንፎውን አውርደው፣ ከብረታ ብረቱ ውስጥ ሚስማር መንቀያውን ፈልገው በእጁ አስያዙት። ወለሉን ንቀል አሉት። የቀረን እሱ ብቻ ነው ቢላቸው፣ ጣሪያ የሌለው ወለል ለእንቁራሪት መጨፈሪያ እንጂ ለሰው አይሆንም አሉ። ሰማያዊውን ግድግዳም ጨምርበት አሉ። ያ ግድግዳ፣ ቤቱ የእማማ ዙልማ ሳለ፣ ልጃቸው ፈርዲ በልጅነቱ በቢላዋ ዓሣ የቀረጸበት ነው። ፈርዲ ከኦሪስ ጋር ተጣልቶ፣ እህቴን ለቅጥራን ቀቢ አልሰጥም ብሎ፣ ትሪኒዳድ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ አሮጊቷ ያን ሰማያዊ ሳንቃ በእጃቸው ሲዳብሱ ኦሪስ ብዙ ጊዜ አይቷል። አሁን ራሳቸው ናቸው ንቀለው የሚሉት።

ጠዋት ላይ ዳገቱ ሁሉ በአንድ ዓይነት ድምፅ ተሞላ፤ ከደረቅ እንጨት የሚላቀቅ ሚስማር የሚጮኸው ጩኸት። ቤቱ አጠገብ ሆኖ የሰማው ሁሉ ሌላውም ያው እያደረገ መሆኑን ዐወቀ። ከዚያ ሰዎች መውረድ ጀመሩ። ሮዝ ሳንቃ በራሷ የተሸከመች አለች፣ አረንጓዴ የመስኮት መዝጊያ የያዘ አለ። አንዲት መበለት የሞተ ባሏ የተገነዘበትን ጠረጴዛ በሁለት ሰው አስይዛ መጣች። ክሌማንስ ቃሏን ጠብቃ በዋዜማው ምሽት ወለሏን በሙሉ አውርዳ፣ በልኩ ለያይታ ደርድራ ቆይታለች። ኦሪስ ሰማያዊውን ሳንቃ ከዚያ ክምር አጠገብ ሲያስቀምጥ ይቅርታ ሊላት አስቦ ነበር። እሷ ግን የድስቱን ሌላ ጆሮ ያዝልኝ አለችው፤ ሚስማሩን አብረው ተሸከሙ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በመካከላቸው አልተነሣም።

ጋሼ ኖርቪል በሌሉበት ሥራው ተጀመረ። ሰው ሁሉ መዶሻ ያውቃል፣ ግን የመርከብን ጎን ማጠፍ ሌላ ነገር ነው፤ ሳንቃው ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩ ይጣመማል። ሽማግሌው ዳገቱ ላይ ከፈረሰው ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው የመዶሻውን ድምፅ ይሰማሉ። አንዱ ጎረምሳ ሳንቃ እየሰነጠቀ ግማሹን ቀን ሲደበድብ ቆይቶ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ኖርቪል በቁጣ እያነከሱ ወረዱና መዶሻውን ከእጁ ነጠቁት። እንጨቱ ምን በደለህ አሉት። ከዚያ ሳንቃውን በፈላ ውኃ አርሰው፣ በሁለት ሰው አስጎብጠው፣ ሦስት ምት ብቻ መትተው አስገቡት። መዶሻውን አልመለሱም። ክሌማንስ ከሌላው ጎን ሆና አየቻቸውና ሥራዋን ቀጠለች። በማግሥቱ ጢማቸውን ተላጭተው ማንም ሳይነሣ ነበር አሸዋው ላይ የተገኙት።

እንዲህ ሆኖ ደቦው ሳምንታት ፈጀ። ወንዶቹ ሲያጥፉና ሲመቱ፣ ሴቶቹ አሮጌ ገመድ እየፈቱ ለኦሪስ ቃጫ አዘጋጁለት። የመንግሥቱ ዱቄት በአንድ ድስት ይበስላል፤ ባሕሩ ከሰጠ ዓሣ ይጨመራል። ኦሪስ በሕይወቱ እንደዚህች መርከብ ያስቸገረችው የለችም። የወለል ሳንቃ ለመርከብ ተብሎ አልተላገም፤ አንዱ ይወፍራል፣ አንዱ ይሳሳል፤ በየመካከሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ማታ ማታ እጁ አልዘረጋ ብሎት አይቪና በሞቀ ውኃ ታሽለት ነበር። ከሸራው ሥር ተኝቶ ዝናብ ሲወርድ፣ ዛሬ የኔ ሳንቃ በላዬ ላይ በሆነ ነበር እያለ በልቡ ያጉረመርማል። ሲነጋ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚወርደው እሱ ነው።

የሸራዋን ምሰሶ ከሮዛሊን አወረዱላት። ከዚያ የቀረው ሸራ ነበር። የመንደሩ ሸራዎች ሁሉ በንፋሱ ተቦጫጭቀው አንድ ሙሉ ሸራ ብቻ ተርፏል፤ እሱም ኦሪስ፣ አራሷ፣ ሕፃኗና እማማ ዙልማ የሚያድሩበት ነው። ጋሼ ኖርቪል ወደዚያ ወጥተው ስለ ሕፃኗ ጤና ጠየቁ፣ ስለ ገንፎው ቀለዱ፣ ስለ ሸራው ግን አፋቸውን አልከፈቱም። ኦሪስም ዓይናቸውን ሸሸ። እማማ ዙልማ ሁለቱንም ሲያዩ ቆዩና፣ ተነሥተው፣ በሻከረ እጃቸው የመጀመሪያውን የሸራ ገመድ ፈቱ።

«እናንተ የት ልትገቡ ነው?» አሉ ጋሼ ኖርቪል።

«ወፍጮው ውስጥ» አሉ አሮጊቷ።

ኦሪስ የሰማውን አላመነም። የሸንኮራ ወፍጮው ከመንደሩ በላይ ያለ ክብ የድንጋይ ማማ ነው። በባርነት ዘመን የተሠራ ነውና ጃኔት አንድ ድንጋይ አላነሣችበትም። ንፋሱ ካለፈ ጀምሮ ሌሎች ቤተሰቦች ተጠልለውበታል። እማማ ዙልማ ግን ያን ማማ ረግጠውት አያውቁም። አያታቸው በልጅነቷ ሸንኮራ ስታጎርስ የወፍጮው ጥርስ ክንዷን በልቷታል። ባለ አንድ ክንዷን አያታቸውን አውቀዋታል፤ ፀጉራቸውን የጎነጎነችላቸውም በዚያችው በአንዷ እጅና በጥርሷ ነበር። በሰማንያ ዓመት ዕድሜያቸው ከዚያ ማማ ጥላ ሥር ላለማለፍ በሌላው በኩል ሲዞሩ ነው የኖሩት። በዚያች ምሽት፣ በአውሎ ነፋሱ ውስጥ እንኳ፣ ኦሪስ ወደዚያ እንሩጥ ሲላቸው ቦዩን የመረጡት እሳቸው ናቸው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ወጡ። ከበሩ ላይ ቆሙ። አይቪና ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል አያስፈልግም አሉ። ትንሽ ውኃ መሬት ላይ አፈሰሱና፣ አያታቸውን በስሟ እየተጣሩ፣ ቀስ ብለው የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ኦሪስ የሰማው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

«ይቺን ይዤ ነው የምገባው። ለሥራ አይደለም፣ ለመተኛት ነው።»

ገቡና ጥግ ላይ ምንጣፋቸውን ዘረጉ። ኦሪስ ከውጭ ቀረ። ሸራውን ጠቅልሎ በትከሻው ሲያደርገው ክብደቱ ከተለመደው በላይ ሆነበት።

መርከቧ ወደ ውኃ የምትወርድበት ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። በደጉ ጊዜ ቢሆን የማውረጃው ቀን የደሴቱ ትልቁ ድግስ ነው፤ ከበሮ ይመታል፣ በግና ፍየል ይታረዳል፣ ደሙ ለሙታኑ ተብሎ የመርከቧ ወለል ላይ ይረጫል። አሁን በመንደሩ የተረፈ አንድ ሙክት በግ ብቻ ነበር። ባለቤቱ ለማረድ ጎትቶ ቢያመጣው እማማ ዙልማ፣ ሙታኖቻችን ጃኔትን አይተዋታል፣ የዘንድሮን ይታገሡናል፣ በጉ ይኑር አሉ። ቄሱ ጸሎት አደረሱ። ትንሽ የሸንኮራ አረቄና የበቆሎ ዱቄት በአራቱም ማዕዘን ተበተነ።

ልማዱ መርከቧን የደገፏትን ምሰሶዎች በመጥረቢያ ቆርጦ በጎኗ ማስተኛት፣ ከዚያ በግንድ ላይ እያንከባለሉ ወደ ባሕር መጎተት ነው። እነሱ ግን አላቆሟትም፤ በተኛችበት ነበር የጨረሷት። ምሰሶውን ጃኔት ራሷ ቆርጣልናለች፣ ማንከባለያ ግንዱንም እሷው ጥላልናለች፣ እጇ ከባድ ነው እንጂ ሥራ ታውቃለች ብለው ሳቁ። ያን ያህል ከልብ ሲስቁ ከንፋሱ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ገመዱን ሁሉም ያዘ። አስር አለቃ ጊተንስ እንኳ የደንብ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ቆቡን አንዲት ሴት ራስ ላይ አስቀምጦ ተሰለፈ። ጋሼ ኖርቪል ከፊት ቆመው እጃቸውን ሲጥሉ ሁሉም ሳበ። መርከቧ ጮኸች፣ ትንሽ ሄደች፣ ቆመች። ደጋግመው ሳቡ፤ ክንድ የሚያህለው ገመድ እጅ ላጠ። ግማሹን መንገድ እንደሄደች ሆዷ አሸዋ ውስጥ ገባና ከነጭራሹ እምቢ አለች። ሰዎቹ ገመዱን ይዘው አሸዋው ላይ ተዘረሩ። ዱቄት ብቻ የበላ ጉልበት ከዚያ አያልፍም። አንዳንዱ ነገ ይሁን ማለት ጀመረ፤ ነገ ማዕበሉ እንደሚነሣና ተኝታ ካገኛት እንደሚሰባብራት ሁሉም ያውቃል።

እማማ ዙልማ ያኔ ከዳር ተነሥተው መጡ። ገመዱን አልያዙም፣ ለመያዝም ጉልበት የላቸውም። በሰዎቹና በመርከቧ መካከል ቆመው፣ ድሮ ሸንኮራ ቆራጮች ይዘፍኑት የነበረውን አንድ የሥራ ዘፈን አወጡ። ድምፃቸው ቀጭንና የተሰበረ ነው። መጀመሪያ ሴቶቹ ተቀበሏቸው፣ ከዚያ ወንዶቹ። ተቀባዩ ሲመጣ ሁሉም ባንድ ላይ ይስባል፤ አሮጊቷ ሲያወጡ ትንፋሽ ይወስዳል። መርከቧ ከአሸዋው ተላቀቀች። ኦሪስ ገመዱን እየሳበ፣ እያለቀሰ መሆኑን ያወቀው ጨው አፉ ውስጥ ሲገባ ነው። በመጨረሻ ስበት ገመዱ ቀለለ፤ ሁሉም በጀርባው ወደቀ። ቀና ሲሉ በጎኗ የተኛችው መርከብ ውኃው ላይ ተንገዳግዳ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ አንድም ሳንቃዋ ከጎረቤቱ ጋር አይመሳሰልም።

ኦሪስ ዋኝቶ ገባባት። ሆዷ ውስጥ ውኃ በሦስት ቦታ ይንጠባጠባል፤ ከፈራው በጣም ያነሰ ነበር። ማን ይነዳታል ተብሎ ሲጠየቅ ጋሼ ኖርቪል በወጣትነታቸው ካፒቴን ሳሉ ያደርጉት የነበረውን አሮጌ ባርኔጣ አድርገው መሪውን ይዘው ተገኙ። ከባሕር ከወጡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ክሌማንስም ገባች፤ ከሳይረስ ጋር ብዙ ስለተጓዘች ከፊት ሸራው ገመድ አጠገብ ቦታዋን ማንንም ሳትጠይቅ ያዘች። ኦሪስና ሌሎች ሁለት ሰዎች ተጨመሩ። ኦሪስ የገባው ውኃ ሊቀዳ ነው።

በማግሥቱ ኪከም ጄኒ ከሚባለው ዓለት አጠገብ፣ ባሕሩ በሁለት በኩል በሚንጥበት ቦታ ሲደርሱ፣ ክሌማንስ በጨርቅ የጠቀለለችውን ሳህን ፈታች። የበቆሎ ገንፎና የተጠበሰ ዓሣ ነበር፤ ሳይረስ የሚወደውን ጫፉ ያረረውን። የመንደሩ ሰው ለሙታኑ ምግብ ይሰጣልና ማንም አልጠየቃትም። ምግቡን ውኃው ላይ አፈሰሰችና ሳህኑን አጥባ መለሰችው። ጋሼ ኖርቪል ባርኔጣቸውን አወለቁ። መሪውን ግን አልለቀቁም፤ ዓይናቸውም ከሸራው ላይ አልተነሣም። ያለፉት በዚያው ፍጥነት ነው።

ፖርት ኦፍ ስፔን ወደብ ሲገቡ ሠራተኞች ጭነታቸውን እያስቀመጡ ሊያዩዋት ተሰበሰቡ። እንዲህ ያለ መርከብ ያየ የለም። አንዳንዱ ሊስቅ ጀምሮ ነበር፤ ከካሪያኩ ሰዎች አንዷ ወደ ጠርዙ ቀርባ ሮዙን ሳንቃ ስትነካ ሳቁ ቆመ። ይሄ የአክስቴ ሳሎን ነው አለች። ሌላው አረንጓዴውን የመስኮት መዝጊያ አወቀው። ቤታቸው መፍረሱን በወሬ ሰምተው የነበሩ ሰዎች አሁን በዓይናቸው አዩት፤ እንዲህ ሆኖ እንደሚመጣላቸው ግን የገመተ አልነበረም።

ፈርዲ ከመጋዘኑ በር ላይ ቆርቆሮ ተሸክሞ ወጣ። ኦሪስን አየው፤ ሰላም አላለውም። ከዚያ ዓይኑ በመርከቧ ጎን፣ ከውኃው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሰማያዊው ላይ ቢላዋ ቀርጾት የሄደው ዓሣ ላይ ወደቀ። ቆርቆሮውን አስቀመጠ።

«እማማስ?» አለ።

ደህና እንደሆኑ ነገረው። እህቱ በሰላም መገላገሏን ነገረው። የት ነው የሚያድሩት ብሎ ፈርዲ ሲጠይቅ ኦሪስ ሊዋሽ አሰበና ተወው።

«ወፍጮው ውስጥ።»

«እማማ? ወፍጮው ውስጥ?»

«ሸራው ሥር ነበር የምንጠለለው። ለመርከቧ ያስፈልግ ነበር። ራሳቸው ናቸው የፈቱት።»

ፈርዲ ቀና ብሎ ሸራውን አየ። ከዚያ ቆርቆሮውን አንሥቶ መርከቧ ላይ ጫነ፣ ተመልሶ ሌላ አመጣ፣ ሌላም። ቀኑን ሙሉ ከሁለት ሰው የበለጠ ተሸከመ። ዘሩ ከላይ በደረቅ ቦታ ተቀምጦ፣ መርከቧ እስከ ሰማያዊው ሳንቃ ድረስ ወደ ውኃው ስትጠልቅ፣ ኦሪስ ሊያጽናናው ብሎ፣ ጋሼ ኖርቪል እንጨት ሲገኝ የሁሉም ሳንቃ ለየባለቤቱ ይመለሳል ብለው ቃል እንደገቡ፣ ባለ ዓሣውንም በገዛ እጁ ነቅሎ ለእማማ እንደሚመልስ ነገረው።

«አትንካት» አለ ፈርዲ። «ለእማማ ወለልም ግድግዳም እኔ እሠራለሁ። ይቺ ካለችበት አትነሣ፤ ቦታዋን ይዛለች።»

ሄደና አንድ ቦርሳና የአናጢ ዕቃ ይዞ ተመለሰ። ክሌማንስ ገመዱን ልትፈታ ስትል ዘሎ ገባ። ጋሼ ኖርቪል ከመሪው ላይ አዩት፤ አልከለከሉትም። መርከቧ ከዳር ተላቀቀች፤ ከጭነቱ ክብደት የተነሣ በመጀመሪያዎቹ ማዕበሎች ላይ ከየስንጥቁ ውኃ ማስገባት ጀመረች።

ፈርዲ ሆዷ ውስጥ ሲወርድ እግሩ ረጠበ። አማቹን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ይሄን ነው ደፈንኩ የምትለው?»

ኦሪስ መቅጃውን ቅል ሰጠው፤ ሌላውን ለራሱ ያዘና ጎን ለጎን ጎንበስ አሉ።